የድርብ ብርድ ልብስ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ ወይስ አይታጠብ?

በደብረ ማርቆስም ሆነ ከዚያ በላይ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ የደጋ ቀበሌዎች፣ ጋቢ ብቻውን የማይችለው ብርድ አለ። ስለዚህ ፊቱን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ፣ መሐሉን ባዘቶ ሞልቶ፣ ከሥሩ ገበር አድርጎ ድርብ ብርድ ልብስ ለመስፋት የተነሣ ሰው (ጎረቤት «ድሪቶ» ብሎ ቢሥቅም) መቀሱን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ጨርቁ ይታጠብ ወይስ እንዳለ ይቆረጥ? መልሱን የሚወስነው ጨርቆቹ እርስ በርሳቸው ዘመድ መሆናቸውና አለመሆናቸው ነው።

የጥጥ ክር በሽመናም ሆነ በፋብሪካ ሥራ ጊዜ ተወጥሮ ይቆያል። ውሃ ሲነካው ክሩ ያብጣል፣ ውጥረቱም ይላላል፤ በዚህ ምክንያት ጨርቁ ይሰበሰባል። የፋብሪካ ጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያ እጥበት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያጥራል፤ ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ግን ከሞላ ጎደል እንዳለ ይቀራል። ማጉ በእጅ ተፈትሎ ሳሳ ብሎ የተሸመነ ሸማ ክሩ የሚጠጋጋበት ክፍት ቦታ ስላለው በልኩ ለመተማመን አያስደፍርም። 2 ሜትር ከ20 የሆነ የአቡጀዲ ገበር በ5 በመቶ ቢያጥር 11 ሳንቲሜትር አጣ ማለት ነው፤ ፊቱ ከማያጥር ጨርቅ ከተሠራ ገበሩ ወደ ውስጥ እየሳበ ብርድ ልብሱን ያጨማድደዋል።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩን የሚያከብደው ጨርቁ ከአንድ ሱቅ ተቆርጦ የማይመጣ መሆኑ ነው። አንዱ ቁራጭ ከአሮጌ ኩታ፣ ሌላው ከካኪ ቁምጣ ትርፍ፣ ገበሩ ደግሞ ከአዲስ አቡጀዲ ይሆናል። ኩታው ለዓመታት ሲታጠብ ስለኖረ የሚያጥረውን ሁሉ አጥሯል፤ አቡጀዲው ግን ገና ውሃ አልነካውም። እንዲህ ዓይነቱ ድብልቅ ሲኖር አዲሱ ሁሉ መታጠብ አለበት፤ የታጠበና ያልታጠበ ጨርቅ አንድ ላይ መስፋት ከሁለቱም ምርጫዎች የከፋ ነው። ሁሉም ጨርቅ አዲስና አንድ ዓይነት ጥጥ ከሆነ ግን ሳይታጠብ ሊሰፋ ይችላል፤ አብሮ ስለሚሰበሰብ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ የሚታየው ለስላሳ ሽብሽባት ለዓይን የሚጠላ አይደለም። ያልታጠበ ጨርቅ ከፋብሪካ የመጣበት ድርቀት ስላልለቀቀው ለመቁረጥም የተመቸ ነው። ለሕፃን የሚሰፋ ከሆነ ግን ማጠቢያው ፋብሪካው የቀባውን ማጠንከሪያ እንዲያስለቅቅ፣ ምንም ዓይነት ጨርቅ ቢሆን ቢታጠብ እመርጣለሁ።

የሚጠራጠር ሰው ከጨርቁ ጫፍ 20 ሳንቲሜትር በ20 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬ ይቁረጥ፤ ብርድ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት ዓይነት ውሃና ሳሙና ይጠበው፤ ደርቆ ከተተኮሰ በኋላ በድሩም በማጉም በኩል ይለካው። 20ው ወደ 19 ከወረደ ጨርቁ 5 በመቶ ያጥራል፤ የሚገዛውም ጨርቅ ያንኑ ያህል ትርፍ ይኑረው።

ቀለም ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ቸልታ አልመክርም። ቀይ፣ ጥቁር፣ ደማቅ ሰማያዊና የቁምጣው አረንጓዴ ካኪ ሁሉ ይጠረጠራሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሳልፈትን ከነጭ አቡጀዲ ጋር ሰፍቼ፣ በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ሁሉ ዥጉርጉር ሮዝ ሆኖ ወጥቶብኛል። ቁራጩን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ፣ እርጥቡን በነጭ ጨርቅ ላይ አጋድሞ ማድረቅ በቂ ፈተና ነው። ነጩ ከተነካ ጨርቁ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ለብቻው ደጋግሞ ይታጠብ፤ አልጠራ ካለም ይቅር። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛሉ የሚባለው እምነት ምንጩ በፋብሪካ ጨርቅ ሲቀለም ጨው የሚጨመር መሆኑ ይመስለኛል፤ ተቀልሞ ያለቀ ጨርቅን ግን ለዘለቄታው አያድኑትም።

ሲታጠብ ዳሩ እንዳይተረተር አራቱ ማዕዘኖች በሰያፍ ትንሽ ይቆረጡ፣ ወይም ዳር ዳሩ በስፌት መኪና ይመታ። ጠምዝዞ መጭመቅ ድርና ማጉን ያጣምማል፤ ስለዚህ ውሃው በመዳፍ እየተጫነ ይውጣና ጨርቁ ጥላ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰጣ፤ ጥቂት እርጥበት ሳለበትም ካውያውን ሳይጎትቱ እየተጫኑ ይተኮስ። ይህ ሁሉ ፀሐይ በማይገኝበት ሐምሌና ነሐሴ አይሠራምና ከግንቦት ባያልፍ ይመረጣል።

ከልብስ ሰፊ ቤት የሚለቀሙ ከመዳፍ ያነሱ ቅዳጆች መታጠብ የለባቸውም፤ ተተርትረው ቅርጻቸውን ያጣሉ። ቀለማቸው ካጠራጠረ በሳህን ውሃ ሳይታሹ ነክሮ ማውጣት ይበቃል። ባዘቶው ደግሞ ከመሰፋቱ በፊት ፈጽሞ ውሃ አይንካው፤ ይድቦለቦላል። ብርድ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብም ባዘቶው እንዳይጓጉል የስፌቱ መስመሮች ከ5 ሳንቲሜትር በላይ አይራራቁ።