ባሕር ዳር ላይ የጓሮ አትክልት ችግኝ በቤት እንዴት ይፈላል

ዘር ስለማብቀል ኢንተርኔት ላይ የሚነበበው ምክር በብዛት የተጻፈው ለብርድ አገር ሰው ነው። ማሞቂያ ግዙ፣ መብራት አንጠልጥሉ ይላል። ባሕር ዳር ላይ ምን ሊሠራ? ቲማቲምና ቃሪያ ለመብቀል ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይበቃቸዋል፤ እሱ ደግሞ በረንዳችን ላይ በነጻ አለ። እኛን የሚያስቸግረን የቀትር ፀሐይና የውሃ ብዛት ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምታፈሉ ወስኑ

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ሽንኩርት ፈልተው ቢዛወሩ ይስማማቸዋል። ካሮት ግን አይሆንም። ሥሩ ከተነካ ይጣመማል፤ ቀጥታ መደቡ ላይ ዝሩት።

ለቲማቲም የምመርጠው ጊዜ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው። ዝናቡ ያበቃል፣ ችግኙም በበጋው በመስኖ ያድጋል። ክረምት ላይ የተተከለ ቲማቲም ቅጠሉ እየጠቆረ በሽታ ይጨርሰዋል። በርበሬ በተቃራኒው ሚያዝያ አካባቢ ይፈላና ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ይተከላል።

ዘር ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን እዩ። በተለይ የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል። ከተጠራጠራችሁ አሥር ፍሬ እርጥብ ሶፍት ላይ ጠቅልላችሁ ሞክሩ። ግማሹም ካልበቀለ ሌላ ዘር ፈልጉ። ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት የነካው ነው፤ ከልጆች አርቁት፣ እጃችሁንም ታጠቡ። ሃይብሪድ (ከተለያዩ ዝርያዎች የተዳቀለ) ከሆነ ደግሞ ከፍሬው ዘር አታስቀሩ። ቀጣዩ ትውልድ እናቱን አይመስልም።

አፈሩ

ዋልካ ብቻውን አይሆንም። ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ችግኙን ያቃጥላል። ድብልቁ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሳችሁ እስኪቀዘቅዝ ተዉት፤ የበሽታና የአረም ዘር ይቀንሳል።

እግረ መንገዴን፦ እምቦጭን ከጣና አምጥታችሁ ለጉዝጓዝ አትጠቀሙ። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከግቢ የወጣ ጎርፍ ደግሞ ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል። እንኳን ልንዘራው ያለውንም አልቻልነው።

ዕቃው ቀላል ነው። በቁመቱ የተሰነጠቀ ጀሪካን ወይም የተቆረጠ ሃይላንድ ይበቃል። ታቹን በጋለ ሚስማር ብሱት። የእንቁላል ካርቶን የሚያሞግሱ አሉ፤ በእኛ ፀሐይ ግን ሳትመለሱ ይደርቃል።

አዘራርና ጥላ

አፈሩን አርጥባችሁ በመስመር ዝሩ። የቲማቲምና የቃሪያ ዘር ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ብዙ ሰው አርቆ ይቀብረውና «ዘሩ መጥፎ ነው» ይላል። ሰላጣ ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር ብትነሰንሱበት በቂ ነው።

ላዩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙት። ጥቅል ጎመን ሳምንት ሳይሞላው ብቅ ይላል፤ ቃሪያ እስከ ሁለት ሳምንት ያስጠብቃል። የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች የታዩ ዕለት ሣሩን አንሱ። ካዘገያችሁ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል።

ሣሩ ሲነሳ ዳስ ይተካው። አራት እንጨት፣ ላዩ ላይ ሳሳ ያለ ሣር ወይም ደንገል። የጠዋቱን ፀሐይ ያስገባ፣ የቀትሩን ይመልስ። ዘጌ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ውሃ

አብዛኛው ችግኝ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ደረቅ ከሆነ ክዳኑ በመርፌ በተበሳ ሃይላንድ ቀስ ብላችሁ አጠጡ፤ በጆግ ከደፋችሁ ዘሩ ተጠርጎ ጥግ ላይ ይከማቻል። ዕቃውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ከሥር እንዲጠጣ ማድረግ ይበልጥ ይሻላል፤ ላዩ ሲረጥብ አውጡት። ጠዋት አጠጡ። አመሻሽ ላይ ከሆነ ሌሊቱን እርጥብ ያድራል።

ችግኙ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቀጥኖ ከወደቀ የሻጋታ በሽታ ነው። የወደቀው አይድንም። ከዙሪያው አፈር ጋር አውጡት፣ ውሃ ቀንሱ፣ ነፋስ እንዲገባ አድርጉ። ተጨናንቆ የበቀለውንም አሳሱ። አትንቀሉት፤ የጎረቤቱን ሥር ስለሚያናጋ በመቀስ ቁረጡት።

ማዛወር

ጥቅል ጎመን በ4 ወይም 5 ሳምንት፣ ቲማቲም ከ4 እስከ 6፣ ቃሪያና ሽንኩርት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይደርሳሉ። በመጨረሻው ሳምንት ዳሱን በየቀኑ ትንሽ እያነሳችሁ፣ ውሃውንም እየቀነሳችሁ ፀሐይ አለማምዷቸው።

ከ11 ሰዓት በኋላ ትከሉ፤ ሌሊቱን ያርፋሉ። ከመንቀላችሁ በፊት አጠጧቸው፣ ከነአፈራቸው አንሱ። ቲማቲምን እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ቅበሩት፤ ከግንዱ ተጨማሪ ሥር ያወጣል። ቃሪያን ግን በነበረበት ልክ። ከዚያ ከሃይላንድ ቀለበት ቆርጣችሁ በየግንዱ ዙሪያ አፈር ውስጥ ከፊሉን ስደዱት። ቆራጭ ትል በሌሊት መጥቶ ግንዱን ከሥር ይበጥሳል፤ ቀለበቱን ግን አያልፍም።