ባዮኬሚስትሪን በምክንያት እንጂ በሽምደዳ አለማጥናት፦ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች

በአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ አካባቢ ፈተና ሲቃረብ የሜታቦሊዝም (በሕዋስ ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦች) ሰንጠረዥ ፎቶ ኮፒ ይዘው የኢንዛይም (ለውጦቹን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) ስም በቃላቸው የሚወጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ትጋታቸውን አከብራለሁ፤ መንገዱ ግን አድካሚ ነው፣ ከፈተናው በኋላ የሚተርፈውም ጥቂት ነው። የትምህርት ክፍላችሁ ባዮሎጂም ይሁን ኬሚስትሪ ወይም ሕክምና፣ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ብትሞክሩት እመክራለሁ።

በመጀመሪያ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንና ፒኤችን (የአሲድነት መለኪያውን) አጥብቃችሁ ያዙ። የብጥብጡ ፒኤች ከአሲዱ ፒኬኤ (አሲዱ ፕሮቶን የመልቀቅ ዝንባሌው መለኪያ) ጋር እኩል ሲሆን ግማሹ አሲድ ፕሮቶኑን ለቋል ማለት ነው። ይህን በስሌት ያልሠራ ተማሪ ባፈርን (ፒኤች በቀላሉ እንዳይለወጥ የሚያደርግ ብጥብጥ) ሲያዘጋጅም ሆነ ፕሮቲንን ሲያጠና ይቸገራል።

ቀጥሎ ፕሮቲን የሚገነባባቸውን 20 አሚኖ አሲዶች በእጃችሁ ሣሉና በጠባያቸው መድቧቸው፦ ውኃ የሚሸሹ፣ ውኃ የሚወዱ፣ አሉታዊ ወይም አዎንታዊ ቻርጅ ያላቸው። ጥቅሙን በሲክል ሴል በሽታ ታዩታላችሁ። በሄሞግሎቢን (በደም ኦክስጅን የሚሸከም ፕሮቲን) ቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ግሉታሜት ውኃ በሚሸሽ ቫሊን ይተካል፤ በዚህች አንዲት ለውጥ ኦክስጅን የለቀቁ ሄሞግሎቢኖች እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዩን የደም ሕዋስ ያጣምማሉ።

ሦስተኛው ግላይኮሊሲስ፣ ማለትም ሕዋስ ግሉኮስን ወደ ፓይሩቬት ሰብሮ ኃይል የሚያገኝበት መስመር ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። 10ሩን እርምጃዎች በባዶ ወረቀት ላይ ሣሉ፣ ካርቦኖቹንም ቁጠሩ። ባለ 6 ካርቦኑ ስኳር በ4ኛው እርምጃ ለሁለት ይከፈላል። ወጪው 2 ኤቲፒ (የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል)፣ ገቢው 4፣ ትርፉ 2 ነው። ከዚያ በ6ኛው እርምጃ ላይ ቁሙ። እዚያ ኤንኤዲ ፕላስ የተባለው የኤሌክትሮን ተሸካሚ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ኤንኤዲኤች ይሆናል። ሕዋስ ያለው ኤንኤዲ ፕላስ ግን ውስን ስለሆነ፣ ኤንኤዲኤች ኤሌክትሮኑን ለሌላ ካላስረከበ መስመሩ በሙሉ ይቆማል።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ በጠላ ጋን ውስጥ ያለው እርሾ አልኮል የሚሠራው ለምንድን ነው? ኦክስጅን ሲያጣ ፓይሩቬትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስለቅቆ ወደ አሴታልዲሃይድ፣ ከዚያም ወደ ኢታኖል ይለውጠዋል፤ በዚህ የመጨረሻ እርምጃ ኤንኤዲ ፕላስን መልሶ ያገኛል። በኃይል የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ላክቴት የሚያመርተውም ለዚሁ ነው። የጤፍ ሊጥን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎችም ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ይህ አንድ ምክንያት የገባው ተማሪ ሦስት የተለያዩ ገጾችን መሸምደድ አያስፈልገውም።

በኢንዛይም ፍጥነት ምዕራፍ ሚካኤሊስና ሜንተን በ1913 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን ቀመር ከመያዛችሁ በፊት ግራፉን በእጅ ሣሉ። ኬኤም የኢንዛይሙ ፍጥነት ከከፍተኛው ፍጥነት ግማሽ ላይ ሲደርስ ያለው የሰብስትሬት (ኢንዛይሙ የሚለውጠው ነገር) መጠን ነው፤ ኬኤሙ ዝቅ ያለ ኢንዛይም በጥቂት ሰብስትሬትም ይሠራል። ግሉኮስን ለሕዋስ አገልግሎት ከሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች መካከል የጉበት ግሉኮካይኔዝ ኬኤም እንደ አእምሮ ካሉ ሌሎች ሕብረ ሕዋሳት ሄክሶካይኔዝ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አእምሮ በጾም ሰዓትም ግሉኮስ ይወስዳል፤ ጉበት ደግሞ በዋናነት ከምግብ በኋላ፣ የደም ስኳር ሲበዛ ይወስዳል።

ለሥዕሉና ለስሌቱ ጸጥታ ካስፈለጋችሁ አራት ኪሎ ያለው አብርኆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ነው። ክርክሩን ግን ድምፅ ወደሚፈቀድበት ቦታ ውሰዱት፤ ለጓደኛ ጮክ ብሎ ማስረዳት የራስን ክፍተት ቶሎ ያሳያል።

ቤተ ሙከራ ስትገቡ ኢንዛይም የሌለበት ማነጻጸሪያ ቱቦ ሁልጊዜ አዘጋጁ። የተነበበውን ቁጥር ወዲያውኑ በእስክርቢቶ መዝግቡ። ግራፉ ካሰባችሁት ውጭ ከሆነ ቁጥሩን አታስተካክሉ፤ ይልቅ የፒፔቱን ልክ፣ የሙቀቱን መጠንና የባፈሩን ፒኤች በየተራ ፈትሹ፣ ያገኛችሁትንም በሪፖርታችሁ ጻፉ።