ቦርዱን ከመቀየር በፊት፦ የቤት ቦይለር መቆጣጠሪያ ሲያስቸግር ምርመራው ከየት ይጀመር?

ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ ባሉ ከተሞች በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 50 ወይም ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ፣ ሁላችንም ቦይለር የምንለው ዕቃ፣ ድሮ በአንድ ዘንግ ቴርሞስታት ብቻ ይሠራ ነበር። አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ ግን ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ መስኮትና በጣት የሚነኩ ቁልፎች፣ ከእነሱም በስተጀርባ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አላቸው። ውሃው አልሞቅ ሲል ባለቤቱም ጠጋኙም ቀድመው የሚጠረጥሩት ይህንኑ ቦርድ ነው፤ ቦርዱ በከተማው ካልተገኘ ደግሞ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ቤተሰቡ የገላ ውሃ በምድጃ ያፈላል። በእኔ ልምድ ቦርዱ መጠርጠር ያለበት በመጨረሻ ነው፤ ከእሱ በፊት መብራቱ፣ የሽቦው መገጣጠሚያ፣ የሙቀት መለኪያውና መከላከያው በቅደም ተከተል ሊታዩ ይገባል።

ማንኛውም ምርመራ የሚጀምረው ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሽቦዎቹ ኤሌክትሪክ አለመያዛቸውን በመለካት ነው። ብሬከሩ መውረዱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (የሚመልሰው ሽቦ) ተገላብጠው በተገጠሙበት ቤት ነጠላ ብሬከር የሚቆርጠው ኒውትራሉን ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ መስኮቱ ጨልሞ ሳለ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ 220 ቮልት ይዞ ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ሽቦዎች በየተራ ከኧርዝ (የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ከሚያወርደው ሽቦ) ጋር በመልቲሜትር መለካት፣ ከዚያም እያንዳንዳቸውን በቴስተር መንካት ያስፈልጋል። ኧርዝ በሌለው ቤት ውስጥ ጉዳዩ ከጥገና በፊት የሚመጣ ነው፤ ኧርዝ ሳይገባ በዚያ ቦይለር መታጠብ አይገባም። ከዚህ በታች መብራቱ እንዳለ የሚደረጉ ልኬቶችን ስጠቅስ ደግሞ፣ ያልለመደ ሰው ባለሙያ ጠርቶ እንዲያስለካ እንጂ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ራሱ እንዲሞክር አይደለም።

የአሠራሩ ነገር ቀላል ነው። ከጋኑ ውስጥ ወደ ገባ ቀጭን ቱቦ የተሰካ የሙቀት መለኪያ ለቦርዱ የውሃውን ሙቀት ይነግረዋል፤ ቦርዱ ሬሌ የተባለችውን ትንሽ ማብሪያ ያዘጋል ወይም ይከፍታል፤ ሬሌዋ ስትዘጋ ለሬዚስታንሱ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፣ ስትከፈት ትከለክላለች። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ፣ ቦርዱ ቢስት እንኳ ውሃው ከልክ በላይ ሳይግል መስመሩን የሚቆርጥ፣ በእጅ ካልተጫኑት የማይመለስ የሙቀት መከላከያ አለ።

መብራቱን አስቀድሞ መለካት

«ቦይለሩ ደክሟል፤ ውሃው ለብ ብሎ ይቀራል» የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ የቦይለር በሽታ አይደለም። በዚህ ደጋ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ የገባ 50 ሊትር ውሃ 60 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ባለ 1,500 ዋት ሬዚስታንስ ሙሉ 220 ቮልት እያገኘ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ያህል ይፈጅበታል። መስመሩ ወደ 170 ቮልት ከወረደ ግን ጉልበቱ በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ የሚቀረው ከሙሉው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ያው ውሃ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይጠብቃል። በሰፈሩ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት፣ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ሲስብ፣ ይህ የቮልት መውረድ የሚያስደንቅ አይደለም። በመሆኑም ቮልቱን በጠዋትና በሌሊት ለይቶ መለካት ያስፈልጋል፤ ሌሊት በጊዜው የሚያሞቅ፣ ጠዋት ግን የሚያዘገይ ቦይለር ጤነኛ ነው።

ሁለተኛው ልኬት ከዚህም ይበልጥ ይናገራል። በቦይለሩ መግቢያ ላይ ያለውን ቮልት ማሞቅ ሳይጀምርና ማሞቅ ከጀመረ በኋላ ማወዳደር ነው። ባለ 2,000 ዋት ቦይለር ዘጠኝ አምፔር ገደማ ይስባል፤ ይህን ሲጀምር ቮልቱ ለምሳሌ ከ210 ወደ 190 ዝቅ ካለ፣ በቆጣሪውና በቦይለሩ መካከል የሆነ ቦታ የላላ መገጣጠሚያ ወይም የቀጠነ ሽቦ አለ ማለት ነው። የጠፋው 20 ቮልት ወደ 160 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሆኖ እዚያው መስመሩ ላይ ይቀራል። ችግሩ አንድ መገጣጠሚያ ላይ ከተጠራቀመ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦይለር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የራሱ መስመርና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ተገቢው ነው፤ ከዲቫይደር ላይ መሰካት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ይህን የምጽፈው ራሴም ተሳስቼበት ስለማውቅ ነው። የቤቴ ቦይለር ማሞቅ በጀመረ ቁጥር መስኮቱ ይጠፋና ተመልሶ ይበራ ነበር። እኔም ያለ አንዳች ልኬት ቦርዱ ነው ብዬ አዲስ አስመጣሁ፣ ገጠምሁ፤ አዲሱም ያንኑ አደረገ። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት ግድግዳው ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ሳጥን ያለ፣ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ የኒውትራል ቅጥያ ነበር። ሬሌዋ ስትዘጋ ጭነቱ ይመጣል፤ ቅጥያው አይችልም፤ ቮልቱ ይወድቃል፤ ቦርዱ እንደገና ይነሣል። አሮጌው ቦርድ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ በጤናው ተቀምጧል።

ኒውትራሉ ፈጽሞ ሲበጠስ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ቦይለሩ እንደተገናኘ ቴስተሩ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ ይበራል፣ ነገር ግን ምንም ነገር አይሠራም። የተበጠሰው የሰፈሩ የሦስት ፌዝ መስመር ኒውትራል ከሆነ ግን አደጋው ይብሳል፤ በአንዳንዱ ቤት ቮልቱ ከ220 በብዙ ከፍ ብሎ ወደ 380 ሊጠጋ ስለሚችል፣ አምፖሎች ከወትሮው በላይ ሲያበሩ የታየ እንደሆነ ወዲያውኑ ዋናውን ብሬከር ማውረድ ያሻል።

የሙቀት መለኪያው

መብራቱ ደህና ሆኖ መስኮቱ የስሕተት ምልክት ካሳየ፣ ምልክቱ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ትርጉሙን ከመመሪያው መጽሐፍ ማየት እንጂ ከሌላ ቦይለር ልምድ መገመት አይጠቅምም። በዚህ ክፍል በብዛት የሚያስቸግረው ኤንቲሲ የሚባለው የሙቀት መለኪያ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ኦሙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ፣ ይቀንሳል። በብዙ ቦይለሮች ውስጥ ያለው በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሚለካ ዓይነት ነው፤ በ50 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ኦም ይወርዳል። ብሬከሩን አጥፍቶ፣ የመለኪያውን ሶኬት ከቦርዱ ነቅሎ፣ መልቲሜትሩን አገናኝቶ፣ መለኪያውን በመዳፍ ጨብጦ መያዝ በቂ ፈተና ነው፦ ቁጥሩ ሳይዘል ቀስ እያለ ከወረደ መለኪያው ደህና ነው። ቁጥር ካልሰጠ ተበጥሷል፤ ዜሮ ከሰጠ እርስ በርሱ ተነካክቷል። በኋለኛው ጊዜ ቦርዱ የስሕተት ምልክት ካላሳየ ውሃው እጅግ የጋለ መስሎት ማሞቅን እምቢ ይላል።

ሳይታወቅ የሚያታልለው ግን የዛገው ሶኬት ነው። በመታጠቢያ ቤት እንፋሎት፣ በተለይም እንደ ባሕር ዳር ባለ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ የሶኬቱ እግሮች አረንጓዴ ዝገት ሲያበቅሉ ዝገቱ የራሱን ኦም ይጨምራል። ቦርዱ ይህን ጭማሪ ከውሃው ቅዝቃዜ የመጣ አድርጎ ስለሚያነብ፣ መስኮቱ 55 እያለ ከቧንቧው የሚወርደው 70 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከቱቦው ሾልኮ በወጣ ጊዜም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የሚለካው አየሩን እንጂ ውሃውን አይደለም። ስለዚህ ከቧንቧው በኩባያ የተቀዳን ውሃ በቴርሞሜትር ለክቶ ከመስኮቱ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ከሁሉም በፊት ሊደረግ የሚገባው ርካሽ ምርመራ ነው። ሶኬቱን በስፒርት አጽድቶና አድርቆ መመለስ፣ መለኪያውንም እስከ ቱቦው መጨረሻ ገፍቶ ማስገባት ብዙ ጊዜ ነገሩን ይጨርሰዋል።

መከላከያው ሲቆርጥ

መስኮቱ በርቶ፣ ሬሌዋ «ቀጭ» ብላ እየተሰማች ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይ መከላከያው ቆርጧል ወይ ሬዚስታንሱ ተበጥሷል። መከላከያው ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ በጣት ስትጫን «ጠቅ» ብላ ከገባች ቆርጦ ነበር ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደስ ብሎት ክዳኑን ይዘጋል፤ እኔ ግን ይህን አልመክርም። መከላከያ ያለ ምክንያት እምብዛም አይቆርጥም፦ መለኪያው አሳስቷል፣ ሬሌዋ ተጣብቃለች፣ ወይም ጋኑ ውስጥ ውሃ አልነበረም። ውሃ በተራ በሚለቀቅባቸው ከተሞቻችን የመጨረሻው ተደጋጋሚ ነው፤ ሮቶው ሲደርቅና የመግቢያው አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ሲያረጅ የጋኑ ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሬዚስታንሱም በባዶ ይነዳል። በመሆኑም ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ፣ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረዱን አይቶ ቦይለሩን ማብራት ይገባል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች በክፍት ድስት ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በ94 ገደማ። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው እየተንፈቀፈቀ በእንፋሎት ከወጣ ሙቀቱ ከዚህ አልፏል፤ ቦርዱ ብቻ ሳይሆን መከላከያውም ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብሬከሩን ማውረድ፣ ጋኑን እስኪበርድ መተው፣ መከላከያውን ሳይቀይሩ አለመመለስ ግዴታ ነው። መከላከያውን በሽቦ አገናኝቶ «ማለፍ» የሚባለውን ጥገና ያደረገ ሰው ያንን ጋን ቦምብ አድርጎታል።

ሬዚስታንሱን መመርመር አያስቸግርም፦ ሽቦዎቹን ነቅሎ በሁለቱ እግሮች መካከል ሲለካ ባለ 1,500 ዋቱ 32 ኦም፣ ባለ 2,000 ዋቱ 24 ኦም ገደማ ይሰጣል። ከእያንዳንዱ እግር ወደ ብረት ሽፋኑ ግን ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶታል፤ ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር የሚወርደው፣ በተለይም ማሞቅ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ የሚወርደው፣ በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሬሌዋና ቦርዱ

የተጣበቀች ሬሌ ምልክቷ ግልጽ ነው፤ በቁልፉ አጥፍተውትም ውሃው መጋሉን ይቀጥላል። ብሬከሩ ወርዶ፣ የሬዚስታንሱም ሽቦ ተነቅሎ፣ በሬሌዋ ሁለት የጭነት እግሮች መካከል ሲለካ ክፍት መሆን ሲገባው ዜሮ ኦም ይሰጣል። ድምፅ እያሰማች የማታስተላልፍ ሬሌ ደግሞ ምላሷ ተቃጥሏል። በሁለቱም ጊዜ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሬሌዋን ብቻ በተመሳሳይ የጥቅል ቮልት (ሬሌዋን በሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል ቮልት) እና ከ16 አምፔር ባላነሰ አቅም ሊተካ ይችላል፤ ቦርዱ በሙሉ አይጣልም።

መስኮቱ ጨርሶ ካልበራና እስከ ቦርዱ መግቢያ 220 ቮልት ከደረሰ የቦርዱን ፊውዝ ማየት ይቀድማል። ፊውዙ ከተቃጠለ ከጎኑ ያለችውን፣ ክብ ሳንቲም የመሰለችውን ቫሪስተር፣ ቦርዱን ከከፍተኛ ቮልት የምትከላከለውን፣ ማየት ደግሞ ይከተላል፤ ከጠቆረች ወይም ከተሰነጠቀች ከፍተኛ ቮልት መትቷት ራሷን ሠውታለች፤ እሷን ሳይቀይሩ ፊውዝ መተካት አዲሱንም ማቃጠል ነው። አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮችም ቦርዱን ያደክሙታል፤ መስኮቱ ይደበዝዛል፣ ሬሌዋም ተርገፍግፋ ትተዋለች። በነገራችን ላይ የቦርዱን ሙቀት ወድደው የሚገቡ ጉንዳኖችና በረሮዎች እግሮቹን ሲያገናኙ አይቻለሁና፣ በደረቅ ብሩሽ መጥረግን ከጥገና ሁሉ አስቀድሞ መሞከር አያሳፍርም።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ጥፋቱ እውነትም የቦርዱ ከሆነ፣ ሲፈታ የእያንዳንዱን ሽቦ ቦታ በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ ሲገዛም በቦርዱ ጀርባ የታተመውን ቁጥርና የሙቀት መለኪያውን ዓይነት ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ለ10 ኪሎ ኦም የተሠራ ቦርድ ከሌላ ዓይነት መለኪያ ጋር ቢገጠም ይበራል፣ ነገር ግን ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል። አዲሱን ቦርድ ለማትረፍ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የቦይለሩን ብሬከር ማውረድ፣ ከተመለሰ በኋላም አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ ማንሣት፣ በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር እንዲሁ ማድረግ ይረዳል። ስታብላይዘር የሚገዛ ሰው ለቴሌቪዥን የሚሆነውን ባለ 1,000 ቮልት አምፔር አይውሰድ፤ ባለ 2,000 ዋት ቦይለር ቢያንስ ባለ 3,000 ይፈልጋል። ከገጠማ በኋላ ሙቀቱን 50 ላይ አድርጎ፣ ሬሌዋ ስትቆርጥ ሰምቶ፣ ወዲያው ከቧንቧው በኩባያ ቀድቶ በቴርሞሜትር መለካት፤ ልዩነቱ ከአምስት ዲግሪ ካልበለጠ ክዳኑ ሊታሰር ይችላል።