ሰፈሩን ያበላ ቤት ሊዘጋ ሲል

እትዬ ቤት ሊዘጋ መሆኑን የሰማሁት ጥር ውስጥ ከባጃጅ ሹፌር ነው። መልሴን እየቆጠረ፣ «ከፋሲካ በኋላ የለም አሉ» አለኝ። ቤቱ ታፔላ ኖሮት አያውቅም። አዳማ ውስጥ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው፣ ስድስት ጠረጴዛና አንድ የተላላጠ ባንኮኒ የያዘ ቤት ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከተማው ናዝሬት በሚባልበት፣ ሰው በፈረስ ጋሪ በሚሄድበት ዘመን፣ እናቴ «ሂጂ አባትሽን ጥሪው» ብላ የምትልከኝ ወደዚያ ነበር። እኔም ሄጄ አልጠራውም፤ ጎኑ ቁጭ ብዬ ከትሪው እጎርሳለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ሌላ ቤት አምልጦኛል። ዱለቱ የሚታወቅ ቤት ነበር። ሊዘጋ ነው ሲባል «በመጨረሻው ቀን ሄጄ እሰናበታለሁ» ብዬ አሰብኩ። ስሄድ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ወጥ ሠሪዋ አገሯ ገብታለች፤ ስልኳን የያዘ ሰው አልተገኘም። ያንን ዱለት ዳግም አልቀመስኩም። የእትዬን ስሰማ ግን በማግስቱ ሄድኩ። ከሌሎች ደንበኞች ጋር ሆነን ያደረግነውን እዚህ የምጽፈው፣ በእናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ቤት ሊዘጋ እንደሆነ ከሰማችሁ እንደኔ አንዴ እንዳያመልጣችሁ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቷን ብቻቸውን አግኟቸው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ ፊት «ሊዘጉ ነው አሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እኔ የሄድኩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳህኑ ታጥቦ ሲያልቅ፣ ቡና ሲቆላ ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ መፍትሔ ይዞ መምጣት ሰውን ያስቀይማል። አንዱ ቤት የሚዘጋው በኪራይ ነው፣ ሌላው ቤቱ ተሸጦ ነው፣ ሌላው ባለቤቱ ደክሞት ነው። የእትዬ ሁለት ነበር፤ ጉልበታቸው ታሟል፣ የቤቱ ወራሾች ደግሞ ሊሸጡት ነው። ሦስተኛውን እሳቸው ባይሉትም እኔ አውቀዋለሁ። የእትዬ ደንበኛ የባቡር ሰው ነበር። የድሮው ባቡር ቆመ፤ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ በፍጥነት መንገዱ መጥቶ፣ ሆቴሉ አዳራሽ አጠገብ በልቶ፣ በዚያው ይመለሳል።

ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ቤቱ ሊተርፍ ይችላልና ቶሎ ተሰብሰቡ። ዕቁብ ጥሩ መንገድ ነው። ደንበኞች ዕቁብ ጥለው የመጀመሪያውን ዕጣ ለባለቤቷ በስምምነት ቢሰጧቸው የመንፈቅ ኪራይ ሊሸፍን ይችላል፤ ዕዳቸውንም ቀስ ብለው በየሳምንቱ ይመልሳሉ። ምጽዋት ስላልሆነ ማንም አያፍርበትም። እኛ ይህንን ስናነሳ እትዬ ፈገግ ብለው፣ «ገንዘቡስ ይሁን፣ ጉልበቱን በዕቁብ ትጥሉልኛላችሁ?» አሉ። ያን ጊዜ ማስቀረቱን ተውነው። ሰው ደክሞኛል ሲል መስማት ያስፈልጋል።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «እስከ ፋሲካ» ሲባል ሦስት ወር ያለ ይመስላል። ነገር ግን ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ እትዬ ቤት ሽሮና በየዓይነቱ እንጂ ቋንጣ ፍርፍር የለም፤ የቤቱ ስም ደግሞ ቋንጣ ፍርፍር ነው። ስለዚህ የቀረን ጊዜ እስከ ቅበላ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። የምትወዱት ምግብ የፍስክ ይሁን የጾም፣ በየቀኑ ይሠራ ወይስ ቅዳሜ ብቻ፣ አስቀድማችሁ አጣሩ።

አሁን ወደ ማጀቱ እንግባ። የምግብ አሠራር በጥያቄ አይገኝም። እትዬን «በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?» ብላቸው «ዓይኔ ይበቃኛል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ እጃቸውን አትያዙ፣ ማንኪያም አትስጧቸው። የወጥ ቤት ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዕቃውን ከነበርበሬው ከመጀመራቸው በፊት መዝኑት፣ ሲጨርሱ እንደገና መዝኑት። የእትዬ የበርበሬ ቆርቆሮ ሲጀመር 1,840 ግራም ነበር፤ ሲያበቃ 1,395። ስለዚህ ለ4 ኪሎ የተላጠ ሽንኩርት 445 ግራም በርበሬ ገብቷል ማለት ነው። ጨውንም እንደዚያው። ዘይቱን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሬ ያዝኩት።

እሳቸው ቁሌት የሚጥዱት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፣ በከሰል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይገባል፤ ውሃው እስኪመጥ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ እንዳያር በስኒ የምትጨመር ውሃ። ሰባት ጊዜ ጨመሩ፤ በእያንዳንዷ ደብተሬ ላይ ጭረት አሰመርኩ። ያልጠበቅኩት ነገር እትዬ ድስቱን እምብዛም አለማየታቸው ነው፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቋንጣውን እየቆራረሱ ድምፁን ያዳምጣሉ። ውሃው ገና ሲገባ ቸስ ይላል። በኋላ ፍጥን ብሎ ይንተከተካል። በመጨረሻ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ቀስ ብሎ ቡልቅ፣ ቡልቅ ማለት ይጀምራል፤ እሳቸውም ዞር ሳይሉ «በቃው» ይላሉ። ይህን ሚዛን አይነግራችሁም። ስልካችሁን ድስቱ አጠገብ አድርጋችሁ ድምፁን ቅረጹት። ዛሬ ቁሌት ስሠራ የምከፍተው እሱን ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ሠርታችሁ አትተዉት፤ እኛ ሦስት ቀን መዘንን፣ የሦስቱም ቀን ልክ ይለያያል። አማካዩን ከማውጣት ይልቅ ሦስቱንም መጻፍ ይሻላል፤ ሽንኩርቱ ውሃ የበዛበት ቀንና የደረቀ ቀን አንድ አይሆንም። በርበሬው ራሱ እንዴት እንደሚዘጋጅም ጠይቁ፤ ምን ያህል ኮረሪማ፣ ከምን ጋር እንደሚታሽ፣ በሶብላና ጤና አዳም መቼ እንደሚገቡ፣ የትኛው ወፍጮ ቤት እንደሚፈጭ። የገበያ በርበሬ ይዛችሁ የእትዬን ፍርፍር አታገኙትም።

ወሬውን ለመቅዳት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሂዱ። አስፈቅዳችሁ ማቀዝቀዣውን ለግማሽ ሰዓት ንቀሉት፤ ጆሯችን ስለለመደው አንሰማውም እንጂ ስልክ ውስጥ ሲቀረጽ ድምፁ ሰውን ይውጣል። ስልኩን ከጠረጴዛው ጋር እንዳይንቀጠቀጥ የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። «ድሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «ጥሩ ነበር» ነው። እኔ የጠየቅኩት «ጥጉ ላይ ማን ይቀመጥ ነበር?» ብዬ ነው። እትዬ ለአርባ ደቂቃ አወሩ። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሲዘገይ ማታ ድስቱን ከእሳት አውርደው እንደሚጠብቁ፣ ጩኸቱን ሲሰሙ መልሰው እንደሚጥዱ፣ ሠራተኛው ደርሶ እጁን እስኪታጠብ ፍርፍሩ እንደሚደርስ። አባቴ መጀመሪያ ለረዳቱ አጉርሶ እንደሚጀምር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቤት ውስጥ ለማንም ሲያጎርስ አይቼው አላውቅም።

ባለቤቷን ብቻ አትቅዱ። እንጀራ ጋጋሪዋ 19 ዓመት እዚያ ሠርታለች፤ በአማርኛ ስናናግራት «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። የአስተናጋጁ እህት በኦሮምኛ ስትጠይቃት ግን ማን ምን ያህል እንጀራ እንደሚበላ ሳይቀር ዘረዘረችልን። ሰው በሚቀናው ቋንቋ ያውራ፤ መተርጎሙ በኋላ ይደርሳል።

ፎቶ ላይ አጭር እሆናለሁ። በሩ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንሱ። ግድግዳ ላይ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች ከነመስተዋታቸው አታንሱ፤ ከፍሬሙ አውጥታችሁ ደጅ ጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ። በፎቶው ያሉትን ሰዎች ስም እዚያው ጻፉ፣ ነገ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። በማሽን የወጣ የሽያጭ ደረሰኝ ለማስታወሻ ከያዛችሁ ኮፒ አስደርጉት፤ ወረቀቱ በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ፣ በአዳማ ፀሐይ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ነጭ ይሆናል። የዱቤ ደብተሩን ግን ፎቶ አታንሱት። እትዬ «ይሄንንስ አታነሽውም?» ብለው ሲሰጡኝ መለስኩላቸው። እዚያ ውስጥ ያለው የሰው ችግር ነው።

ስለ ዱቤው ካነሳን፣ ያለባችሁን ክፈሉ። የረሳችሁትንም ቢሆን ሄዳችሁ ጠይቁ። ከእኛ መካከል ሁለት ሰዎች በየቤቱ ሄደው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስታወሱ፤ ከፍሎ የጨረሰውን እትዬ በቀይ ሰረዙት። የሞቱትንም ሰረዙ፤ የአባቴ 37 ብር ከነዚያ ውስጥ ነበር። ልክፈል ብዬ ብለምናቸው እንቢ አሉ፤ እኔም በዚያው ሳምንት ለአባቴ ዝክር ምግቡን ሁሉ እሳቸው ጋ አዘዝኩ። መርዳት የምትፈልጉ ከሆነ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ ማኅበርም ሆነ ልደት ካለባችሁ እዚያ አዙሩት።

ሁሉም ስለ ቤቱ ሲያዝን ሠራተኛው ይረሳል። እኔ የትንንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ ስለምይዝ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የአንድ ደንበኛዬ ቤት በተዘጋ ጊዜ አስተናጋጆቹ የወር ደመወዛቸውን ብቻ ይዘው ወጥተዋል፤ እኔም ባለቤቱን አስቀድሜ ስላላነጋገርኩት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ቤቱ በመዘጋቱ ምክንያት ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። 10 ዓመት የሠራ ሰው 30 ቀን፣ ለዘጠኙ ዓመት 90 ቀን፣ በተጨማሪ 60 ቀን፤ ድምሩ የ180 ቀን ነው። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይተመናል። የሚከፈለው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው።

ይህን ለባለቤቷ ከመዘጋቱ ወራት በፊት ንገሯቸው። እትዬ ስነግራቸው ደነገጡ፤ ክፋት ኖሮባቸው ሳይሆን ነግሯቸው የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ቁጭ ብለን አስልተን፣ ከዱቤው የተሰበሰበውንና ማቀዝቀዣው፣ ወንበሩ፣ ሳፋው የሚያወጣውን ደምረን ለሦስቱ ሠራተኞች መደብን። የጡረታ መዋጮ ሲከፈልላቸው የቆየ ከሆነም ሰነዳቸውን በእጃቸው ይዘው ይውጡ። አስተናጋጁን ደግሞ አንድ ደንበኛ ከመዘጋቱ በፊት ሌላ ቤት አስገባው።

ዕቃ መውሰድ የምትፈልጉ ግዙ፣ በነጻ አትጠይቁ። ለሥራ የሚሆነውን ለሥራ ለሚፈልግ ሰው ተዉለት። እኔ የገዛሁት ቁሌት የሚሠራበትን ብረት ድስትና ጥጉ ላይ የነበረውን ወንበር ነው።

በመዝጊያው ቀን ለመብላት አትሂዱ፤ ለማጠብ ሂዱ። ሳህኑን አጥበን፣ ወለሉን ጠርገን፣ ቁልፉን ሲያስረክቡ ከጎናቸው ቆምን። ከዚያ ባጃጅ ጠርተን አብረን ቤታቸው ወሰድናቸው፤ ማንም ብቻቸውን እንዲገቡ አልፈለገም።

ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ እትዬን ቤቴ ጠራኋቸው። ደብተሩን ዘርግቼ፣ መዝኜ፣ ድምፁን ከፍቼ ሠራሁ። ሁለት ጊዜ ጎረሱ፣ ዝም አሉ፣ ሦስተኛ ጎረሱ። «በርበሬው ልክ ነው» አሉ። «ሽንኩርቱን ግን አጣድፈሽዋል፣ ልጄ።» እኔ የሠራሁት በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ሽንኩርቱ በ50 ደቂቃ ደርቆ ነበር። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፦ በኤሌክትሪክ ሲሆን እሳቱ ከግማሽ በታች፣ 1 ሰዓት ከ20 እስኪሞላ።