ሣሩስ የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም። ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ ሥር ካሉት ወረዳዎች በአንዱ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆና ተመድባለች። «ጋሼ፣ ሰዉ አስቸገረኝ። ግንዛቤ የለውም» አለችኝ።

እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህችን ቃል ሪፖርት ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያታለሁ! በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ብዙ ዓመት ከዞርኩ በኋላ የገባኝ ነገር አለ። ሰዉ ሒሳብ ያውቃል። ሒሳቡን ሳንጠይቅ የተፈጥሮ ጥበቃና የአየር ንብረት ዕቅድ ይዘን የምንሄደው እኛ ነን። ለእሷና ለእኩዮቿ ይጠቅም እንደሆነ፣ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፍ።

«ግንዛቤ የለውም» ማለት

ከዚሁ ልጀምር። የጮቄ ገበሬ ክረምቱ መዛባቱን ከእኛ ቀድሞ አይቷል። ዝናቡ ስንት ቀን እንደዘገየ፣ በረዶው የትኛውን ማሳ እንደመታ፣ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚነጥፍ ይነግራችኋል። «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን ቃል ላይጠቀም ይችላል። ነገሩን ግን ይኖርበታል። ስለዚህ ማስተማሩን ቀነስ አድርጉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ሥራ ብንሠራ ከእርስዎ ቤት ምን ይጎድላል?

ሣሩ የማን እንደሆነ ሳይነገር ተራራ መከለል

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ምክንያቱም ስህተቱ የራሴም ነው፤ ዛሬም ሲደገም አያለሁ።

ከዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም አንድ ቀበሌ ውስጥ የተራቆተ ተራራ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ለማድረግ ሕዝብ ሰበሰብን። ጥቅሙን ዘረዘርን። አፈሩ ይጠበቃል፣ ምንጩ ይመለሳል፣ ደኑ ካርቦን ይይዛል አልን። ትስማማላችሁ ወይ? ስንል ብዙ እጅ ወጣ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት ላይ አጥሩ ፈረሰ። ከብት በሌሊት መግባት ጀመረ። ጥበቃ ቀጠርን፣ ቅጣት አወጣን። መጀመሪያ የተያዙት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ያላቸው ሁለት በግ ነው። መሬት የላቸውም። በጎቻቸው የሚውሉት እዚያው ተራራ ላይ ብቻ ነበር። ቅጣቱን አስከፈልናቸው። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያመኛል።

እስቲ ስብሰባው ላይ እጁን ያወጣው ማን እንደነበር አስቡት። ባለ በሬው ነው። እሱ የጤፍ ጭድ ከምሯል፤ ከማሳው ዳርም የሚያጭደው ሣር አለው። ተራራው ቢዘጋ ብዙም አይጎዳም። እኚህ እናት ግን ስብሰባው ላይ ከኋላ ተቀምጠው ዝም ብለው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። የክለላው ጥቅም የሚመጣው ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው። በጎቹ የሚራቡት ግን በዚሁ ሳምንት ነው። አገር የሚጠቅም ሥራ ሁሉ ሸክሙ ድሃው ትከሻ ላይ ቢወድቅ፣ ድሃው በሌሊት አጥር ቢያፈርስ ምን ይገርማል?

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሽማግሌ ቆመው እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ ተራራው እንደሚሽር አምነናል። ሣሩስ የማን ነው?» መልስ አልነበረኝም። ለካ ሰዉ ሁሉ በየቤቱ ሲያወራ የከረመው ይህንኑ ነው። አንዱ ለጨረታ ይወጣል ይላል። ሌላው የአመራሩ ዘመዶች በማኅበር ተደራጅተው ይወስዱታል ይላል።

ሦስት ቀን ተቀምጠን መተዳደሪያ ደንብ ጻፍን። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያጭድ፣ ቀፎ የሚሰቅሉት እነማን እንደሆኑ። መሬት የሌላቸው ሴቶች ቅድሚያ አገኙ። ቅጣቱን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ጥበቃውን አሰናበትነው። ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ አልልም። የአጎራባች ቀበሌ ከብት ከዚያም በኋላ ይገባ ነበር። የራሱ ሰው ግን ጠባቂ ሆነ።

ስለዚህ ደንቡ ከአጥሩ ይቅደም። ተራራው ሲዘጋ የሚጎዳውን ሰው በስም ጻፉ። ሣሩ እስኪደርስ እንስሳቱ ምን እንደሚበሉ ሳታውቁ አትከልሉ።

ሳያስረዱ መሬት መለካት

ጂፒኤስ ይዛችሁ ማሳ ለማሳ ስትዞሩ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲነሣ የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም ያስቆጣው። መሬቱ ከተለካ ርስታችን ይሄዳል የሚል ሥጋት ነበረበት። ሞጣና ቢቸና አመፁ ከጠናባቸው ቦታዎች ነበሩ። መንግሥት ጦር አዘመተ። በመጨረሻ ግን ግብሩን ተወው፤ ውዝፉንም ማረ። ከዚያ ደግሞ በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ተለክቶ መሬቱ የተቆረጠበት ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። እናንተ የምትለኩት ለተፋሰስ ካርታ ይሆናል። እሱ ግን ይህን በምን ያውቃል? ከሽማግሌ ጋር ለኩ። ምን ለክታችሁ ምን እንዳገኛችሁ እዚያው በቃል ተናገሩ፤ አንዱን ቅጂ ለቀበሌው ተዉ።

የገበሬውን ጉልበት በነፃ መቁጠር

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝብ ለእርከን ሥራ ይወጣል። ሪፖርታችን «የኅብረተሰብ ተሳትፎ በብር ሲተመን» እያለ ይጽፋል። ብሩን እኛ እንጽፈዋለን፤ የሚከፍለው እሱ ነው። ጥር ላይ ጤፍ አውድማ ላይ ያለበት ቤት አለ። ሠርግ ያለበት ቤት አለ። በሚካኤል ቀን ቁፋሮ ጠርተን ሰው ሲቀር «እምቢተኝነት ታየ» ብለን የጻፍንበትንም ጊዜ አስታውሳለሁ።

እርከኑም ቢሆን ዋጋ አለው። ከማሳው ላይ ቦታ ይወስዳል፣ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፣ አይጥ ይራባበታል። ይህን ሲሏችሁ አትከራከሩ፤ እውነት ነው። ደሾ ሣር ትከሉበትና ቦታው መኖ ይሁን። ከተቻለ ደግሞ ገበሬዎቹን ደምበጫ አካባቢ ወዳለው አንጀኒ ውሰዷቸው። እዚያ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እርከን የተሠራበት ተፋሰስ አለ። ገበሬ የሚያምነው ገበሬ ሲነግረው ነው።

ባሕር ዛፍን መስደብ

ባሕር ዛፍ የገበሬው ባንክ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ማዳበሪያ ሲገዛ ይቆረጣል። የሚተካውን ሳታሳዩ ንቀል አትበሉ። አዊ ላይ ፋግታ ለኮማን ተመልከቱ። ገበሬው በአሲድ የተጎዳ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት መሐሉ ላይ እህል ዘራ። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል አክስሎ ሸጠ፤ መልሶ ተከለ። ስላዋጣው አካባቢው በደን ተሸፈነ። በኋላ የዛፍ በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ከስሯል፤ በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ ተስፋ መጣልም አደጋ እንዳለው ያየነው በዚያ ነው።

ስለ ምድጃ አባወራውን መጠየቅ

«ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የእንጀራ ማገዶን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ባል ነው፤ እንጨት የምትሸከመውና ጭሱን የምትስበው ሚስት ናት። ለባል ብታስረዱት «ቆይ፣ ለከርሞ» ይላል። እሷን አናግሩ። ደጋ ላይ ደግሞ እሳቱ ቤት ያሞቃል፣ ጭሱም የሣር ጣሪያውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ይህን ሳታውቁ «ጭስ ቀነስንላችሁ» ብትሉ ምስጋና አትጠብቁ።

ነዳጁ ሲወደድ ስለ መኪና ብቻ ማውራት

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ተነሣ። ዋናው ምክንያት የመንግሥት ወጪ ነው። ለአየር ንብረትም ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ እኔም አልቃወምም። ታሪፉ እንዳይንር ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች በቴሌብር የሚሰጥ ድጎማ ተመድቦላቸው ነበር። የገጠሩ ወፍጮ ግን ብዙ ቦታ በናፍጣ ነው የሚሠራው። የመስኖ ፓምፑም እንደዚያው። የናፍጣ ዋጋ ሲጨምር የወፍጮ ቤት ክፍያ ይጨምራል። መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው ጭማሪውን በዱቄቱ ይከፍላል።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 የነዳጅ ግብር ልትጨምር ስትል ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሕዝብ መንገድ ዘጋ። ያለ መኪና ሥራ የማይደርሰው የገጠርና የዳር ከተማ ሰው ነበር ብዙው። ጭማሪው ተሰረዘ። ካናዳ በበኩሏ ከ2019 ጀምሮ በነዳጅ ላይ ከምትጥለው የካርቦን ክፍያ አብዛኛውን ለቤተሰብ መልሳ ትሰጥ ነበር። ብዙ ሰው ግን ገንዘቡ እየተመለሰለት መሆኑን እንኳ አላወቀም። በ2025 ክፍያው ለተጠቃሚዎች ቀረ። የሚወሰደው በየቀኑ የሚታይ፣ የሚሰጠው ግን የማይታይ ከሆነ ሰው ተዘረፍኩ ይላል። እናንተም የምትሰጡት ነገር ካለ በእጁ ይግባ፤ ከምን እንደመጣም ይነገረው።

የካርቦን ገንዘብ ይመጣል ብሎ ተስፋ መስጠት

አትስጡ። የካርቦን ገንዘብ የምንለው ደን ካርቦን ስለያዘ የሚከፈለውን ነው። ወላይታ ሁምቦ ላይ የተራቆተ ተራራ አገግሞ የካርቦን ገንዘብ ለማኅበራቱ ደርሷል፤ እውነት ነው። ያ ግን የብዙ ዓመት ሥራ፣ ልኬትና ውል አለበት። ውል ሳይኖር ብር የሚል ቃል ከአፋችሁ ከወጣ፣ በየዓመቱ «የታለ?» ትባላላችሁ።

ልጅቷ ማክሰኞ ስብሰባ ጠርታ ነበር። በሁለት ሳምንት አራዝሚው አልኳት። እስከዚያ መሬት የሌላቸውንና በግ ያላቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ትዞራለች። ዝርዝሩን ትልክልኛለች፤ አብረን እናየዋለን።