ሂቢስከሱ ሞተ ወይስ ተኝቷል? ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ጓሮ ችግርና መፍትሄ

ሜይ ገብቶ የጎረቤት ጓሮ ሁሉ ሲለመልም የእርስዎ ሂቢስከስ የደረቀ እንጨት መስሎ ከቆመ አካፋ ለማንሳት አይቸኩሉ። መጀመሪያ የተከሉት የትኛውን እንደሆነ ይለዩ።

አገር ቤት በአጥር ዳር የምናውቀው፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፈው ሂቢስከስ የሞቃት አገር ተክል ነው። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ እዚህ ደጅ ከከረመ ብርዱ ይገድለዋል። ብርድ ከሚችሉት አንዱ ሂቢስከስ ሞስኬውቶስ የሚባለው ሲሆን ትውልዱም እዚሁ ምሥራቅ አሜሪካ፣ ረግረጋማ መሬት ላይ ነው። ቅጠሉ ሰፊና የማያብረቀርቅ፣ አበባው ከምግብ ሳህን የማይተናነስ፣ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ነው። ከዚህ በታች የምናወራው ስለ እሱ ነው።

ፀደይ መጥቶ ምንም አልበቀለም። በአብዛኛው ችግር የለም። ይህ ተክል በብርዱ ወራት ከአፈር በላይ ያለው ሁሉ ይደርቅና ሥሩ ብቻ ይከርማል፤ የሚነቃውም አፈሩ በደንብ ሲሞቅ ነው። ሜይ አጋማሽ ወይም መጨረሻ ላይ መብቀሉ የተለመደ ነው፤ ፀደዩ ከቀዘቀዘ ጁንም ሊገባ ይችላል። ግንዱን በጥፍር ፍቆ አረንጓዴ መፈለግ ለሌላ ዛፍ ይሠራል እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ የአምናው ግንድ ምንጊዜም የሞተ ነው። ይልቅ ከግንዱ ሥር ያለውን አፈር በእጅዎ ቀስ ብለው ገለጥ ያድርጉ። ሥሩ ጠንካራ ከሆነ ይጠብቁት፤ ከላሸቀና ከሸተተ ግን በስብሷል። ከላይ የተቆለለ ጉዝጓዝ ካለ ኤፕሪል ላይ ገፋ ያድርጉት፤ አፈሩ ቶሎ እንዳይሞቅ ይከለክላል። የአምናውን ግንድ ሲቆርጡ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ቢያስቀሩ ቦታው አይጠፋዎትም። አበባ የሚይዘው በዘንድሮው ቀንበጥ ስለሆነ መቁረጡ አይጎዳውም።

ቅጠሉ ተበሳስቶ ወንፊት ሆነ። እኔ ከሁሉ የምጠላው ይሄን ነው። ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ጥቁር ራስ ያላቸው ትንንሽ ትሎች ካሉ የሂቢስከስ ሶውፍላይ የሚባል በራሪ ነፍሳት እጮች ናቸው። አባጨጓሬ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው ቢቲ የሚባለውን የአባጨጓሬ መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል፤ እነዚህ ግን የቢራቢሮ ዘር ስላልሆኑ አይነካቸውም። ጥቂት ከሆኑ በእጅ ጨፍልቀው ይጨርሷቸው። ከበዙ ለተባይ ተብሎ የተሠራውን ሳሙና የቅጠሉን ጀርባ እስኪያርስ ይርጩ፤ የእቃ ማጠቢያው ሳሙና ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። ስፒኖሳድ የሚባለው የተባይ መድኃኒትም ይሠራል፣ ግን እርጥብ ሳለ ንብ ስለሚገድል ምሽት ላይ ብቻ፣ አበባውን ሳይነኩ ይረጫል። በአንድ በጋ ደጋግመው ስለሚፈለፈሉ በየሳምንቱ የቅጠል ጀርባ ማየት አይተዉ።

ትል ከሌለና ከላይ የሚያብረቀርቁ፣ አረንጓዴና መዳብ ቀለም ያላቸው ጥንዚዛዎች ካሉ የጃፓን ጥንዚዛዎች ናቸው፤ ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ይመጣሉ። ጠዋት ገና ሳይነቃቁ ሳሙና ባለበት ውኃ ውስጥ ያራግፏቸው። ሱቅ የሚሸጠውን የጥንዚዛ ወጥመድ ግን አልመክርም፤ የጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ያመጣል።

እምቡጡ ሳይፈነዳ ይረግፋል። በጁላይ ሙቀት ይህ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥማት ነው። የረግረግ ልጅ ነውና ውኃ አይሰስቱበት፤ ላይ ላዩን በየቀኑ ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሥሩ ድረስ ማጠጣት ይሻላል። ማሰሮ ውስጥ ያለው ግን በሐሩር ቀን በየቀኑ ይፈልጋል።

ቅጠሉ አማረ፣ አበባ ግን የለም። ወይ ጥላ በዝቶበታል፣ ወይ የሣር ማዳበሪያ ደርሶታል። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያስፈልገዋል። የሣር ማዳበሪያ ናይትሮጅኑ ስለሚበዛ ቅጠል ብቻ ያስወጣል።

ቅጠሉ ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆነ። ከቤቱ የሲሚንቶ ግድግዳ አጠገብ ከተተከለ ኖራው አፈሩን ቀይሮ ተክሉ ብረት መሳብ አቅቶት ይሆናል። አፈሩን ያስመርምሩ፤ ፒኤቹ (የአፈሩ አሲድነት መለኪያ) ከፍ ካለ ሰልፈር ይጨመራል ወይም ተክሉ ይዛወራል። የታችኞቹ ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ሆነው የሚረግፉ ከሆነ ግን ወደ ውኃው ይመለሱ።

አበባው በማግስቱ ተጨማዶ ቢያገኙት በሽታ አይደለም፤ የአንዱ አበባ ዕድሜ አንድ ቀን ነው፣ ተተኪው ይፈነዳል። ሻይ ይሆን እንደሆነ ለሚጠይቅ እንግዳም፣ ከርከዴ የሚፈላው ከዚህ ሳይሆን ከዘመዱ ነው ይበሉት።

ከሥሩ በራሱ ዘር የበቀለው ችግኝ የእናቱን ቀለም ላይዝ ይችላል። ያንኑ ቀለም ከፈለጉ ጁን ላይ ከለጋው ቀንበጥ ቆርጠው እርጥብ አፈር ውስጥ ሥር ያስይዙ።