ከኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት አልለቅ ያለ ሻጋታ
ሻጋታውን በበረኪና ፈትጋችሁ ካጠፋችሁት በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከተመለሰ፣ የሚያረጥበው ውሃ አሁንም አለ ማለት ነው። ቀለም ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የት እንደወጣና ምን እንደሚመስል አስተውሉ።

ኮርኒሱና ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከተበተነ

ምክንያቱ የሻወር እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ኮንክሪት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ከታጠባችሁ በኋላ መስኮቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይከፈት። መስኮት ከሌለ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ፋን አስገጥሙ።

በርሜሉንም እዩት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙዎቻችን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እናጠራቅማለን። ክዳን የሌለው በርሜል ቀን ከሌት እርጥበት ይለቃል። ክደኑት፤ ከጀርባው አየር እንዲያልፍም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቁት።

እድፉ ክብ ሆኖ ጠርዙ ቡናማ ከሆነ

ይሄ ከላይ የሚወርድ ውሃ ነው። ቀለሙ ያብጣል፤ ስቱኮው በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የላይኛው ቤት የወለል ፍሳሽ ዙሪያ ወይም የሽንት ቤት መቀመጫው ስር ነው። ጎረቤታችሁ የራሱ ወለል ደረቅ ስለሆነ ችግሩን ላያውቅ ይችላል። ከመጨቃጨቅ ይልቅ ወደ ታች ጠርታችሁ አሳዩት።

ከዚያ አብራችሁ ፈትኑ። የእድፉን ጠርዝ በእርሳስ አስምሩና ላይኛው ቤት ለ3 ቀን ሻወሩን አይጠቀም። እድፉ ማደጉን ካቆመ ጥፋቱ የሻወሩ ወለል ወይም ፍሳሹ ነው። ማደጉን ከቀጠለ፣ ውሃ ባለበት ቀን የላይኛው ቤት ቧንቧዎች በሙሉ ይዘጉና ቆጣሪው ይታይ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ መስመር አለ። ካልተንቀሳቀሰ የሽንት ቤቱን መቀመጫና የጋራውን ቋሚ የፍሳሽ ቧንቧ ጠርጥሩ። የጋራው ቧንቧ የአንድ ሰው ዕዳ አይደለም። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሰረት የጋራ መጠቀሚያዎችን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማህበሩ ነው። ፎቶ አያይዛችሁ በጽሁፍ አመልክቱ።

የወለል ጥገና ሲሰራ ሴራሚኩ ተነስቶ ከስሩ ውሃ መከላከያ ይቀባ። ላይ ላዩን ሲሊኮን መለጠፍ ለጊዜው ቢያስታግስ ነው፤ እኔ ለዚያ ገንዘብ ባታወጡ እመርጣለሁ።

ሲሊኮኑ ብቻ ከጠቆረ

እሱ ቀላል ነው። ቆርጣችሁ አውጡት፣ ቦታውን አድርቁ፣ በአዲስ ሙሉት።

ማጽዳትና መቀባት

ውሃው ከቆመ በኋላ 1 ብርጭቆ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጡ። ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ ልጆችና አስም ያለበት ሰው ይራቁ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከአሞኒያ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። የበሰበሰውን ስቱኮ በረኪና አያድነውም፤ ተፍቆ ይነሳ። ቀለሙ የሚቀባው ግድግዳው እስከ ውስጡ ሲደርቅ ነው። ሰራተኛው «ዛሬውኑ ልጨርስላችሁ» ቢልም እሺ አትበሉ።